የወንዙ ልጅ በቱታ

ሐኪሜ ሩጫ ያዘዘልኝ በነሐሴ ነው። ያዘዘልኝ ስል እንዲያው በአፉ የመከረኝ እንዳይመስላችሁ። የስኳሬን ውጤት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ እንደ ክኒን በወረቀት ጻፈልኝ፤ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ። ክኒን ቢሆን በውሃ ይዋጣል። ሩጫ በምን ይዋጣል?

ነሐሴን በዝናብ አመካኘሁ። ጳጉሜን መጣች፤ እሷ ደግሞ አምስት ቀን ናት። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ለደመወዝ ያልተቆጠረች ወር ለሩጫ የምትቆጠርበት ምክንያት አልታየኝም። ባለቤቴ እነዚህን ሁሉ ሰምታ ሰምታ “ወንዝ የማያሻግር ምክንያት” አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ አላሻገሩኝም። ብቻ እየገፉ እየገፉ የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ጠዋት ወንዙ ዳር አድርሰው ጣሉኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆን ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ አባርቷል። ቤቱ በቁሌት ሽታ ታፍኗል። ባለቤቴ ዓይኗ በሽንኩርት ቀልቶ ድስቱን ታማስላለች። አዲሱን ቱታዬን ለብሼ ከመኝታ ቤት ብቅ ስል ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ “በዚህ ቤት መሮጥ የነበረበት ዶሮው ነበር፤ እሱም ትናንት ማታ ተያዘ” ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰማንያን ካለፈች ቆየች፤ ጆሮዋ ግን የሚፈልገውን አይስትም።

“የት ልትሄድ ነው በውስጥ ልብስ?”

“ቱታ ነው እማዬ። ልሮጥ ነው።”

“ማን አባረረህ?”

“ማንም አላባረረኝም። ለጤናዬ ነው።”

“ወዴት ነው የምትሮጠው?”

“ወደ ወንዙ። ወደ ቀበና።”

ወንዝ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። “ታዲያ እንደዚያ አትልም? እንግዲያ ባዶ እጅህን እንዳትመለስ። ቄጤማ አልተገዛም። ከዳሩ ቀንጠብ ቀንጠብ አድርገህ ይዘህልኝ ና። ማጭዱ ከበሩ ኋላ አለ።”

እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ወንዝ ወርዳ አታውቅም። እሷ ልብ ውስጥ ያለው ቀበና ዳር ለዳሩ ቄጤማ ያጎፈረው፣ ሕፃን ልጅ ማጭድ ይዞ የሚወርድበት ቀበና ነው። ኮሪደር ልማት የሚባለውን በቴሌቪዥን ታየዋለች፤ ግን የምታየው ሌላ አገር ይመስላታል። አንድ ቀን መብራቱንና ፏፏቴውን እያየች “ይህ አሜሪካ ምን ያልሠራው አለ!” ስትል ሰምቻታለሁ።

ማጭዱን ተውኩት። በበዓል ጠዋት፣ ጭር ባለ መንገድ፣ ቱታ ለብሶ ማጭድ ይዞ የሚሮጥ ሰው በየትም አገር ስፖርተኛ አይባልም።

እኛ ስናድግ ወንዝ የአዲስ አበባ ጓሮ ነበር። ከተማው ፊቱን ወደ አስፋልት ጀርባውን ወደ ወንዝ አዙሮ ነው የተቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ መርካቶን ይጎበኛል፤ ወንዝ አሳዩኝ የሚል እንግዳ ግን አልገጠመንም። ማድ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የጠላ አተላው፣ የሞተው ድመት፣ ሁሉም ወደዚያው ነበር የሚላከው። ወንዙ ሁሉንም ተቀብሎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ትምህርት ቤት ነው አቃቂ ገብቶ፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ደርሶ፣ ከዚያ አዋሽን እንደሚቀላቀል የተማርነው። አዋሽ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ባሕሩ አጠገብ ደርሶ፣ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ይህን ስማር በጣም አዝኜለት ነበር። ዘንድሮ ነው የገባኝ፤ እኔም እንደሱ ያለ ሯጭ ነኝ።

ይሁን እንጂ ጓሮም ቢሆን የእኛ ጓሮ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ጠራ ሲል ሴቶቹ ብርድ ልብስና ጋቢ ይዘው ይወርዳሉ። ጋቢው በእግር ይረገጣል፣ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ አብሮ ይታጠባል፣ አብሮ ይሰጣል። እኛ ልጆቹ ከትልቁ ድንጋይ እየዘለልን ኩሬው ውስጥ እንንቦጫረቃለን። መዋኘት በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ፀጉራችንን በፀሐይ አድርቀን፣ ልብሳችንን አራግፈን፣ እንደ መልአክ ሆነን ነው ቤት የምንገባው። እናቴ ግን አንድም ቃል ሳትናገር ክንዴን ትይዝና በጥፍሯ ትጭረዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀልኝ። የዋኘ ቆዳ ነጭ ይሰነበራል። ከዚያ በኋላ ብዙ ምርመራ ተመርምሬያለሁ፤ ደም ሰጥቻለሁ፣ ራጅ ተነስቻለሁ፤ እንደዚያ ጥፍር የማይሳሳት መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከመዋኘት ክልከላው ነጻ የምንሆንበት አንድ ቀን ነበር፤ እሱም ይኸው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ፣ እናቴ ቀስቅሳን ተያይዘን ወንዝ እንወርዳለን። የዓመቱ በሽታ፣ የዓመቱ ቁርጥማት፣ የዓመቱ ክፉ ዓይን በዚያ ውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ውሃው እንደ መርፌ ይወጋል። “ቀበና” በኦሮምኛ ቀዝቃዛ ማለት እንደሆነ ቋንቋውን ሳልማር በቆዳዬ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የአዲስ አበባን ወንዞች ስም ያወጡ ሰዎች ቀልደኞች ነበሩ መሰለኝ። ቀዝቃዛው ቀበና ጥቂት ወረድ ሲል ግንፍሌን ያገኛል፤ ስሙን ስትሰሙት ድስት ላይ የገነፈለ ነገር ነው የሚመስለው። ከቤተ መንግሥቱ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ባንቺ ይቀጡ አለች። ስሟን የሰማ ሁሉ ማን በማን እንደሚቀጣ ይጠይቃል፤ መልሱ እንደ ተራኪው ይለያያል። እኔ ግን ስሟ ትንቢት ነው ባይ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ከተማው ወንዝ የሚበክለውን ሁሉ በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ አወጣ። ስሙ ብዙ ዓመት ቀድሞ ተሰጥቶ፣ ደንቡ ኋላ ሲመጣ የታየው በእኛ አገር ብቻ ይሆናል።

ሩጫውን ልናገር ብዬ ወንዝ ለወንዝ ስዞር ቆየሁ። ልማዴ ነው፤ ስሮጥም እንዲሁ ነኝ።

ቀበና ድልድይ አጠገብ ወዳለው መውረጃ ስደርስ በመጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት የሰው ሳሎን በጫማ የመግባት ዓይነት ነበር። ያ ጓሮ ሳሎን ሆኗል። ግራና ቀኙ በጥርብ ድንጋይ ተገንብቷል፤ መንገዱ ተነጥፏል፤ መብራቱ ተደርድሯል፤ አበባው ሌሊት በዘነበበት ዝናብ ታጥቦ ያበራል። ሽታም የለም ማለት ይቻላል። ሐቁን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ፤ ልጅነቴን የማውቀው በዚያ ሽታ ነበርና። ሳሎን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የእኛ ቤት ሳሎን ልጅ ሆኜ ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ክፍል ነበር፤ ሶፋው የላስቲክ ልብሱን እንደለበሰ አረጀ። እዚህም ያው ነው። ሣሩ ላይ አይኬድም። አግዳሚው ላይ አይተኛም። ውሃው ዘንድ አይወረድም፤ አጥር አለው። ወንዙ በአጥሩ ውስጥ እንደዚያ ሶፋ ተሸፋፍኖ ይታያል።

ጽዳቱን አልጠላም። ጽዳት የሚጠላ የለም። ብቻ ሳሎኑ ሲሠራ ቤተሰቡ ወጥቷል። ብርድ ልብስ አብረን የረገጥን ጎረቤቶቻችን ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ አራተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ ፎቅ፤ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰህ የሚሉኝ በስልክ ነው። አንዷ በቀደም ደውላ እናቴን “ወንዙ አማረ አሉ፤ እውነት ነው?” አለቻት። እናቴም “እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጄ ሄዶ አይቶ ይነግርሻል” አለች። እነሆ እያየሁ ነው።

የመጀመሪያውን ሁለት መቶ ሜትር በሚገባ ሮጥኩ። ይህን በደንብ መዝግቡልኝ፤ ሌላ የምመሰክረው የለኝም። ከዚያ በኋላ ሳንባዬ ከእኔ ጋር የነበረውን ስምምነት አፈረሰ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የዓለም ሯጮች አየሩ የሳሳ ነው ብለው ለልምምድ የሚመጡባት ከተማ ናት። እነሱ መጥተው ወር ተለማምደው ይመለሳሉ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ እዚሁ ተለማምጄ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ደርሻለሁ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ተሰማኝ። ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ እየሮጡ ያወራሉ። እየሮጡ ማውራት ለእኔ በአንድ አፍ ሁለት እንጀራ እንደመጉረስ ነው። አልፈውኝ ሲሄዱ አንደኛው ዞር አለና፣ “አይዞህ ፋዘር! በርታ!” አለኝ። መልካም ልጅ ነው፤ ልቤን ግን ሰበረው። ቱታው አዲስ ነው፣ ጫማው አዲስ ነው፣ ቲሸርቱም የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ቲሸርቱን በየዓመቱ እገዛለሁ፤ ሩጫውን ግን ለወጣቶች እተዋለሁ። ይህን ሁሉ ለብሼ ከጀርባ በኩል እንኳ ፋዘር መስያለሁ ማለት ነው።

እንቁጣጣሽና ሩጫ እኮ ዝምድና አላቸው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ውድድሩ እስኪያልቅ መሽቶ ነበርና የጣሊያን ወታደሮች በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ አበሩለት። በዚያው ምሽት እዚህ አገር ቤት በየደጃፉ የእንቁጣጣሽ ችቦ ይበራል። እሱ በዚያ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። እናቴ የዚያን ዓመት ችቦ ታስታውሳለች፤ በማግሥቱም ወሬው በሬዲዮ ሲሰማ ሰፈሩ ዶሮውን ትቶ እንደወጣ ትናገራለች። እኔም ይህን እያሰብኩ ፍጥነቴን ልጨምር ሞከርኩ። ልዩነታችን ወዲያው ታየኝ፤ እሱ ያለ ጫማ ሮጠ፣ እኔ ያለ እግር።

600 ሜትር ላይ ቆምኩ። ቆሜ አልቀረሁም፤ ሒሳብ ሠራሁ። ሰው ሲደክመው የሚያውቀው ነገር ላይ ይደገፋል። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ነበር የተባለው። ሲካፈል አንዱ ኪሎ ሜትር ከ500 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። እኔ የሮጥኩት 600 ሜትር በዚያ ዋጋ 310 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ነው። በሕይወቴ ይህን ያህል ገንዘብ በእግሬ ስር አልፎ አያውቅም። በዚያው ዓመት በግንቦት ለዚሁ ጉዳይ በቤተ መንግሥት እራት ተሰናድቶ ነበር፤ የአንድ ሰው ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ ወንዙ አልነበረም፤ ለ5 ሚሊዮን ብር ስንት ፍሬ ሥጋ እንደሚደርስ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ቢያንስ ፈረሰኛው ለብቻው ሊሰጥ ይገባል ብሎ ድርቅ አለ።

ሒሳቤን ጨርሼ ቀና ስል ተከብቤያለሁ። አምስት ሴት ልጆች፣ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዘው፣ መንገዱን ዘግተው አበባየሁሽ ጀመሩልኝ። ትንሿ ከበሮዋን የምትመታው በሙሉ ኃይሏ ነው። መሮጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ መስማት ግድ ሆነ። በበዓል ቀን አበባየሁሽን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ዓመቱ አይባረክለትም። ዘፈኑ ሲያልቅ ኪሴን ገለበጥኩላቸው።

“ልጆቼ፣ ይኸው፤ ለሩጫ ነው የወጣሁት፤ አንድ ሳንቲም የለኝም።”

ትልቋ ስልኬን በዓይኗ እያመለከተች፣ “ጋሼ፣ ቴሌብር ይላኩልን” አለችኝ።

“ስልክ አላችሁ?”

“የእማዬን ቁጥር ልንገርዎት።”

ነገረችኝ፤ ላክሁላት። የከበሮዋ ልጅ መልእክቱ መድረሱ እስኪረጋገጥ አልለቀቀችኝም። እኛ በልጅነታችን አምስት ሳንቲም ሲወረወርልን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስንፈልገው ግማሽ ቀን ይሄድ ነበር። በዚህስ ሥልጣኔ መጥቷል።

ከዚያ ወዲያ መሮጤን ትቼ ሶምሶማም ያልሆነ፣ እርምጃም ያልሆነ ነገር ጀመርኩ። ሐኪሙ ስሙን አልጻፈውም። የእናቴ ትእዛዝ ትዝ ያለኝም ያን ጊዜ ነው። ቄጤማ! ግራ አየሁ፤ እኩል የተከረከመ ሣር። ቀኝ አየሁ፤ ስሙን የማላውቀው፣ ከውጭ የመጣ የሚመስል ቀይ ቅጠል። ይህ ሁሉ አረንጓዴ ባለበት አንድ እፍኝ ቄጤማ ይጥፋ? ጎንበስ ብዬ በአጥሩ ስር ወደ ውሃው ሳይ ግን፣ ድንጋይና ድንጋዩ በተጋጠመበት ስንጥቅ፣ ውሃው ጥግ፣ አንድ ጎፍላ ቄጤማ ብቻውን በቅሎ ይወዛወዛል። ማንም አልተከለውም። ማንም አልከረከመውም። ልቤ ደነገጠ፤ የልጅነት ጓደኛውን በማያውቀው ሰርግ ላይ ያየ ሰው ሆንኩ።

አጥሩን ይዤ አንገቴን ሰገግ ሳደርግ ፊሽካ ጮኸ።

“ጋሼ! ጋሼ! ከአጥሩ ይመለሱ!”

ጥበቃው ሮጦ መጣ። ሲሮጥ ከእኔ ይሻላል። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የለበሰው ካፖርት ከእሱ በሁለት ቁጥር ይበልጣል።

“ምንም አላደረግሁም ልጄ። ቄጤማ አይቼ ነው።”

“ሣር መንካት ክልክል ነው።”

“ይሄ እኮ ሣር አይደለም፤ ቄጤማ ነው።”

ነገሩ ከበደው። ጎንበስ ብሎ አየው። ትንሽ አሰበና፣ “የተከለው ማን ነው?” አለኝ።

“ማንም። ራሱ ነው የበቀለው።”

“እንግዲያ እሱም እንዲበቅል አልተፈቀደለትም።”

በሕግ እንደማላሸንፈው ገባኝ። ወደ ዝምድና ዞርኩ። “አየህ፣ እኔ የወንዙ ልጅ ነኝ” አልኩት። “እዚሁ ከላይ ነው የተወለድኩት። እዚህ የቆምክበት ቦታ ስንት ዓመት ሙሉ ጋቢ አጥበንበታል።”

“እኔ ደግሞ የወንዙ ጥበቃ ነኝ” አለኝ።

መልስ አጣሁ። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። እንኳን አደረሰህ አልኩት፤ አብሮ ያድርሰን አለኝ። ሌሊቱን እዚያው አድሮ ኖሯል፤ ቀን የሚተካው ልጅ ለበዓል አገሩ ገብቷል። የእሱ አገር ጎጃም ነው። ማታ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወሩ፣ ለታናሽ ወንድሙ ቄጤማ የማጨዱ ተራ እንደደረሰ ነግረውታል። “እኔ ሳለሁ እኔ ነበርኩ የማጭደው” አለና ወደዚያች ጎፍላ በድጋሚ ጎንበስ ብሎ አየ። እዚህ ላይ ይፈቅድልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልፈቀደም። “ካሜራ አለ፣ ጋሼ” ብሎ አገጩን ወደ መብራቱ ምሰሶ ከፍ አደረገ። እኔም አየሁ። ሁለታችንም ቱታዬንና ካፖርቱን አስተካክለን ቀጥ ብለን ቆምን።

ተሰናብቼው ጥቂት እንደሄድኩ አትክልተኛው ጎማ ይዞ አበባውን ሲያጠጣ ደረስኩ። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበውን ዝናብ ያልሰማ ይመስላል፤ ወይም ሰምቶ አላመነውም። ሥራ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ አጠጣ ይላል፣ እሱም ያጠጣል። ሊያሳልፈኝ ብሎ ጎማውን ወደ ላይ ሲያቃና ውሃው ጎበጥ ብሎ ወጣና ከአናቴ እስከ ካልሲዬ አወረደብኝ። በረዶ ነው። እንደ መርፌ ይወጋል። “ይቅርታ አባቴ! ይቅርታ!” እያለ ሊያደርቀኝ ቢጠጋ ጎማውን እንደያዘ ነውና ደገመኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት በእውነተኛ ሩጫ ነበር። ብርዱ ሐኪሙ ያልቻለውን ቻለ።

ድልድዩ አፋፍ ላይ አንድ ልጅ ቄጤማ ዘርግቶ ይሸጣል። አንዱ እስር 50 ብር። ከሱሉልታ በሌሊት ጭኖት እንደመጣ ነገረኝ። ከአበባየሁሾቹ የተረፈኝን ላክሁለትና እስሩን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። እርጥብ ቱታ፣ እርጥብ ፀጉር፣ ጫማው ጪቅ ጪቅ የሚል፣ ትከሻው ላይ ቄጤማ የተሸከመ ሯጭ ሆኜ ዳገቱን ስያያዘው፣ እነዚያ ሦስት ወጣቶች ዙራቸውን ጨርሰው ቆመው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። አዩኝ። ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ስልክ ያወጣም አለ። ያ “ፋዘር” ያለኝ ልጅ ጮክ ብሎ፣ “ስንተኛ ወጣህ?” አለኝ። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ መልስ አይሰጠውም፤ ይታለፋል።

ቤት ስገባ ቡናው ተቆልቷል፤ ባለቤቴ ዓይኗ ወደ ነጭነቱ ተመልሷል። ሁለመናዬን አይታ ምንም አላለችም፤ ፎጣ ወርውራ ሰጠችኝ። እናቴ ቄጤማውን ተቀብላ አንድ እፍኝ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

“ይህ የቀበና አይደለም።”

“ከየት አወቅሽ እማዬ?”

“የቀበና ቄጤማ ሽታው ሌላ ነው። ይህ የሜዳ ነው።”

የሱሉልታ መሆኑን አልነገርኳትም። ቄጤማውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ፀጉሬ አየች፤ ወደ ካልሲዬ አየች።

“ወንዝ ወርደሃል?”

“ወርጃለሁ።”

“ውሃ ነክቶሃል?”

“ነክቶኛል፤ ግን እማዬ፣ ውሃው ከጎማ…”

አላስጨረሰችኝም። ክንዴን ሳብ አድርጋ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበችና በጥፍሯ ጫረችኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በባለቤቴና በልጆቼ ፊት። ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ አንድ ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። እናቴ መስመሩን ጠጋ ብላ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች፤ እጅጌዬን መልሳ አወረደችልኝ።

“እንኳን አደረሰህ” አለችኝ። ከዚያ ቄጤማውን ወለሉ ላይ እየበተነች፣ “የመስቀል ዕለት ስትሮጥ ደግሞ” አለች፣ “ማጭዱን ይዘህ ሂድ። ለችቦ የሚሆን እንጨት እዚያ አይጠፋም።”